የቦንጋኦን በርሜል

ወዳጆቼ፣ ጦርነት የገባበትን አገር ኮሌራ ይከተለዋል። የመንን አይተናል፣ ሱዳንን አይተናል፤ እኛም አገር «አተት» እያልን ስሙን ስንሸፋፍን ኖረናል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ቆየ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 የፓኪስታን ጦር በምሥራቅ ፓኪስታን፣ ማለትም በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ሕዝብ ላይ ሲዘምት 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ድንበር ተሻግሮ ሕንድ ገባ። ዝናቡ መጣ፣ የሚጠጣው ውሃና መጸዳጃው ተቀላቀለ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ድንበር ላይ ባለችው ቦንጋኦን ከተማ ሕመምተኛው ከአልጋ ተርፎ የሆስፒታሉን ወለል ሞላው። ኮሌራ የሚገድለው የሰውነትን ውሃና ጨው አሟጦ ነው፤ አንዳንዱን በሰዓታት ውስጥ። መድኃኒቱ እኛ «ግሉኮስ ተሰቀለለት» የምንለው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ነበር። እሱ ደግሞ መርፌና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ፈሳሹም እያለቀ ነበር።

ከካልካታ የመጣው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ሌላ መንገድ ያውቅ ነበር። አንጀት በኮሌራ ታሞም ቢሆን ጨውን ከስኳር ጋር ካገኘው ወደ ሰውነት ያሳልፋል። ይህ በ1968 ዳካ ውስጥ በታማሚዎች ላይ ተሞክሯል፤ ግን ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪም እየለካ። ለስደተኛ ቤተሰብ አስረክቦ መሄድን ማንም አልደፈረም።

22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ ለ1 ሊትር ውሃ። ዱቄቱ ካልካታ በፕላስቲክ ታሽጎ መጣ፣ ቧንቧ በተገጠመለት በርሜል ተበጠበጠ። እናት፣ ወንድም፣ ጎረቤት በኩባያ እየቀዱ አጠጡ። መርፌው መዋጥ ላቃታቸው ተረፈ።

መሐንዲስ ነበርኩና እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ቀመሩን እሱ ብቻውን አላገኘውም። የእሱ ሥራ ማነቆውን ማየቱ ነው። የጎደለው ነርስና መርፌ ነው፤ በየታማሚው ራስጌ የተቀመጠ ዘመድ ግን ሞልቷል። ስለዚህ ሥራውን ለዘመድ ሰጠው። ከ100 ታማሚ 30 ያህል ይሞት የነበረው ወደ 3.6 ወረደ። ያልተማረ ሰው ይሳሳታል ብለው የተጠራጠሩ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ፤ ጽሑፉም የታተመው በ1973 ነው። ዛሬ በየጤና ጣቢያችን ያለው ኦ አር ኤስ የዚያ በርሜል ልጅ ነው።

ግን በርሜሉ ሞትን እንጂ በሽታውን አያቆምም። የመን በ2017 መጨረሻ ከ1 ሚሊዮን በላይ በኮሌራ የተጠረጠሩ ሰዎች ተመዘገቡ፤ የሞቱት 2,200 ገደማ ነበሩ። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ያን ያደረገው ሕክምናው ነው። ሚሊዮኑን ያሳመመው ግን ሌላ ነው። ሰንዓ የፍሳሽ ማጣሪያው መብራት ተቋርጦበት ቆመ፤ በኖቬምበር ወደቦች ሲዘጉ ደግሞ ነዳጅ ጠፍቶ የከተሞች የውሃ ፓምፖች ቆሙ። ቀይ መስቀል ውሃው እንዳይቋረጥ ለፓምፖቹ ናፍጣ ይገዛ ነበር።