ልጃገረድና ብዕር

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ አንባቢውን ፈገግ የሚያሰኘው በፍቅር ስሕተት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ መንትያ ወንድሟን ዋሂድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ትንከራተታለች። ከንጉሡ ዘመዶች አንዷ ወጣት ታያትና ጎበዝ መስላት በፍቅሯ ትያዛለች። ጦቢያ ምን ትመልስ? እውነቱን ብትናገር ትጋለጣለች፤ ዝም ብትል ደግሞ የሰው ልብ ይሰበራል።

ጦቢያ ግን የልቧን የምትጽፍበት ደብተር የላትም። ያኔ ለሴት ልጅ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ማግኘት ብርቅ ነበር፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1920ዎቹ ዓ.ም. ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሴት ልጅን ትምህርት ጉዳይ ከሥሩ ይዞታል። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ጠያቂ አጥታ አይደለም ሳታገባ የቆየችው፤ አባቷ በዘር የሚመጥናት ባል ስላልታያቸው ነው። ፊታውራሪ በዘር ቆጠራቸው እየኮሩ የልጃቸው ዕድሜ ሲያልፍ አለማስተዋላቸው ያስቃል፤ ለሰብለ ግን ሕይወቷ ነው። ከዚያ በዛብህ የሚባል ወጣት ንባብና ጽሕፈት ሊያስተምራት ቤት ይገባል። አባት ለክብር ብለው ያስገቡት ትምህርት የልጅቱን ልብ የሚያናግር ሆነ፤ ፊደል ቆጥራ፣ ደብዳቤ እስከ መጻጻፍ ደረሰች። የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ፍቅሩ ከትምህርቱ ተነጥሎ አይታይም።

መጽሐፉን ያላነበበውም ሰምቶታል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ከአዲስ አበባው ልደታ ሠፈር እስከ ታሪኩ አገር እስከ ጎጃም ድረስ ሰብለ የቤት ልጅ ያህል ታወቀች።

ደብዳቤ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር»ም በፊት በልብ ወለድ ቦታ ነበረው፤ ብርሃኑ ዘሪሁን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» ብሎታል። በኋላ የመጣው የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» የፍቅርን ጭንቀት ወደ ወንዱ አዞረው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው አቤል የሚወዳትን ትዕግሥትን እያያት መናገር ይሳነዋል፤ ጓደኞቹም ግራ ይጋባሉ።

በእነዚህ ሁሉ መጻሕፍት የልጃገረዷን ልብ የሚጽፈው ወንድ ነው። ለዚህ ነው የስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ» ከዚህ ታሪክ መጉደል የሌለበት። መጽሐፉ ግጥምና ተውኔት እንጂ የፍቅር ልብ ወለድ አይደለም፤ ሆኖም በ1942 ዓ.ም. አንዲት ሴት «ልቤ» ብላ በስሟ አሳተመች። ስንዱ በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣሊያ ውስጥ በአሲናራ ደሴት ታስረዋል፤ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት መርተዋል፤ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴትም ናቸው።