የአልኬንን መዋቅር ከሞኖክሎሪኔሽን ውጤቶች መለየት

ሞኖክሎሪኔሽን ከአልኬን ሞለኪውል አንድ ሃይድሮጅን ብቻ ወጥቶ በምትኩ ክሎሪን የሚገባበት ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ብርሃን ወይም ከፍተኛ ሙቀት ያስጀምረዋል። ክሎሪኑ ደጋግሞ እንዳይተካ አልኬኑ ከክሎሪኑ እጅግ በዝቶ ይቀርባል። ከዚያም ስንት ዓይነት ውህድ እንደወጣ በመቁጠር የመነሻው አልኬን ካርቦኖች እንዴት እንደተያያዙ መመርመር ይቻላል።

በኢትዮጵያ የሃይድሮካርቦን ምዕራፍ በ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ይሰጣል፤ የባቲም ሆነ የከሚሴ ተማሪ ከአይሶመሮች፣ ማለትም ቀመራቸው አንድ ሆኖ መዋቅራቸው ከሚለያይ ውህዶች ጋር በደንብ የሚተዋወቀው በዚሁ ነው። ጉዳዩ በሽምደዳ አይያዝም፤ መዋቅሩን ወረቀት ላይ እየሳሉ ማየት ይጠይቃል።

5 ካርቦንና 12 ሃይድሮጅን ያለው አልኬን ሦስት አይሶመሮች አሉት። በ9.5 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላው፣ በባቲ ሙቀት ጋዝ የሚሆነው ኒዮፔንቴን አንድ ውጤት ብቻ ይሰጣል፤ 12ቱም ሃይድሮጅኖቹ እኩል ቦታ ላይ ናቸውና። ቀጥ ያለው ፔንቴን ሦስት፣ አይሶፔንቴን አራት ይሰጣል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው አይሶፔንቴን ላይ ነው። ካርቦኖቹ አምስት ስለሆኑ አምስት ውጤት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ከአንድ ካርቦን ላይ የተንጠለጠሉት ሁለት ሜቲሎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ከሁለቱ የሚገኘው ውህድ አንድ ነው።

ከቆጠራ መዋቅር የማውጣት ሐሳብ ነባር ነው። ቪልሄልም ከርነር በ1874 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሁለት ተተኪ ያላቸውን የቤንዚን ቀለበት ውህዶች የለየው ሦስተኛ ተተኪ ሲጨመር ከፓራ (ተተኪዎቹ ፊት ለፊት) አንድ፣ ከኦርቶ (ጎን ለጎን) ሁለት፣ ከሜታ (አንድ ካርቦን ዘለው) ሦስት ውህድ እንደሚወጣ በማስላት ነበር።

ቁጥር ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ ግን አለ። ቢውቴንም አይሶቢውቴንም ሁለት ሁለት ውጤት ይሰጣሉ። ያኔ የውጤቶቹ መጠን ይታያል። በ25 ዲግሪ አካባቢ፣ ከአንድ ካርቦን ጋር ብቻ በተያያዘ ካርቦን ላይ ያለ ሃይድሮጅን የመተካት ፍጥነት 1 ቢባል፣ ከሁለት ካርቦን ጋር በተያያዘው ላይ ያለው 3.8፣ ከሦስት ጋር በተያያዘው ላይ ያለው 5 ያህል ነው። ቢውቴን 6 የመጀመሪያውንና 4 የሁለተኛውን ዓይነት ሃይድሮጅን ስለያዘ ውጤቱ 28 ለ72 በመቶ ይሆናል። አይሶቢውቴን ግን 9 የመጀመሪያውንና 1 የሦስተኛውን ይዞ 64 ለ36 ይደርሳል።

በ6 ካርቦን አልኬኖችም ሄክሴንና 2,2-ዳይሜቲልቢውቴን እኩል ሦስት ውጤት አላቸው። በሄክሴን ክሎሪኑ በብዛት የሚገባው ከመካከለኛዎቹ ካርቦኖች ላይ ሲሆን፣ በሁለተኛው ግን ከጫፍ ሜቲሎች ላይ ነው።