የሕይወትን ሕንጻ በራጅ የመረመረው ሊቅ

በካምብሪጅ ከተማ፣ ካቨንዲሽ በተባለው ስመ ጥር ቤተ ሙከራ፣ ሎርድ ራዘርፎርድና ደቀ መዛሙርቱ የአቶምን እምብርት ከፍተው ለማየት ሌት ተቀን በሚደክሙበት ዘመን፣ ከአየርላንድ የመጣ አንድ ወጣት መምህር ሐሳቡን ሁሉ ወደ ሌላ ኅቡእ ምስጢር፣ ይኸውም የሕያዋን ፍጥረታት ሥጋ በምን ሥርዓት እንደ ተገነባ ወደ መመርመር መልሶት ነበር። እርሱም ጆን ደዝመንድ በርናል ነው።

በርናል በ1901 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን) በቲፐራሪ አውራጃ በኔናህ ተወለደ። በካምብሪጅ ተማሪ ሳለ የዕውቀቱን ስፋት ያደነቁ ባልንጀሮቹ «ጠቢቡ» ብለው ሰየሙት፤ ስሙም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ከ1923 ጀምሮ በለንደን በሰር ዊልያም ብራግ ዘንድ ሠርቶ የግራፋይትን አቋም በራጅ ካወቀ በኋላ፣ በ1927 መምህር ሆኖ ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ።

የራጅ ጨረር በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በሥርዓት ከተሰደሩት አቶሞች ተበትኖ በፊልም ላይ ነጠብጣቦችን ይጥላል፤ ከነጠብጣቦቹ ስፍራና ድምቀትም የአቶሞቹ አቀማመጥ በሒሳብ ይገኛል። ይህ ጥበብ ለጨውና ለአልማዝ በሚገባ አገልግሎ ሳለ፣ በፕሮቲን ላይ ሲሞከር ግን ከጭጋግ የማይሻል ምስል እየሰጠ ብዙዎችን ተስፋ አስቆርጦ ነበር።

በ1934 ፊልፖት የሚባል ተመራማሪ በስዊድን በኡፕሳላ ሲሠራ፣ በጨጓራ ምግብን የሚያልመውን ፔፕሲን የተባለ ፕሮቲን በማቀዝቀዣ ትቶ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ሄዶ ሲመለስ፣ እስከ ሁለት ሚሊሜትር የሚደርሱ ያማሩ ክሪስታሎች አድገው አገኘ። ክሪስታሎቹ ካደጉበት ፈሳሽ ጋራ ተይዘው ካምብሪጅ በደረሱ ጊዜ፣ በርናል አንዱን አውጥቶ ራጅ ቢያበራበት ምንም አላገኘም፤ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ግን ክሪስታሉ ከፈሳሹ እንደ ወጣ እየደረቀ ሥርዓቱ እንደሚፈርስ አስተዋለ። ስለዚህ ሌላውን ከነፈሳሹ በቀጭን የመስታወት ቱቦ አሽጎ ቢያነሣው፣ ፊልሙ በነጠብጣብ ተሞላ። በዚያች ሌሊት በደስታ ብዛት እንቅልፍ አጥቶ፣ ፕሮቲኖች ሁሉ በዚህ መንገድ ቢታወቁ ምን ያህል ምስጢር እንደሚገለጥ እያሰላሰለ በከተማይቱ ጎዳናዎች ይመላለስ ነበር።

የበርናልን ሊቅነት የምመዝነው ከሁሉ ይልቅ በዚህች ሥራ ነው። ቱቦ ማሸግ ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ ነገር ግን ከዓመት በፊት ፋውለር ከተባለ ባልደረባው ጋራ ስለ ውሃ አቋም የጻፈ ሰው በመሆኑ፣ ውሃው ራሱ የክሪስታሉ አካል እንደ ሆነ ለመረዳት ከሌሎቹ ይልቅ የተዘጋጀ ነበር። ውጤቱንም ከተማሪው ከዶሮቲ ክሮውፉት ጋራ በዚያው ዓመት በግንቦት በኔቸር መጽሔት አወጣ።

በ1936 ማክስ ፔሩትዝ ከቪየና መጥቶ ደቀ መዝሙሩ ሆነ። በ1938 በርናል በለንደን የበርክቤክ ኮሌጅ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነትን ተቀበለ፤ ይህም ኮሌጅ ቀን በሥራ የዋሉ ሰዎች ማታ የሚማሩበት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለኖርማንዲ ዘመቻ የባሕሩን ዳርቻ አጥንቶ፣ በ1948 በቶሪንግተን አደባባይ በአሮጌ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የሕያዋንን ሞለኪውሎች የሚመረምር ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የትምባሆ ቅጠልን የሚያጠቃውን ቫይረስ ያጠናችው፣ አሮን ክሉግም ከእርሷ ጋራ የሠራው በዚያ ነው።

ፔሩትዝ በ1962፣ ዶሮቲ በ1964፣ ክሉግ በ1982 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፣ እርሱ ግን አልተቀበለም፤ ሐሳብ ማፍለቅን እንጂ አንዱን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ይዞ መጨረስን አልታደለምና። ለሶቪየት ሥርዓት በነበረው ፍቅር በዚያ የተሰበከውን የሊሴንኮን የተሳሳተ የዘር ትምህርት በአደባባይ መደገፉም ለእንዲህ ያለ አእምሮ እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ይህን ሸሽጎ ማለፍ ለታሪክ ጸሐፊ አይገባም።

ከ1963 ጀምሮ ደዌ ሥጋ አካሉን አደከመው። ዶሮቲ በ1935 የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ያነሣችለትን የኢንሱሊንን አቋም በ1969 ፈትታ ስትጨርስ ግን መምህሯ ገና በሕይወት ነበረ፤ ያረፈው በ1971 ነው።