ቻይና በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ተቋማት ያላት ሚና እና የኢትዮጵያ ዕዳ

ወሎን ከጎንደር ጋር የሚያገናኘው የወልድያ–ወረታ መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና ድጋፍ የተሠራ ነው። ሥራው ሲጀመር የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም ሆነ በዓለም ባንክ መቀመጫ አልነበራትም። በአንጻሩ ኢትዮጵያ የገንዘብ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ጀምሮ አባል ናት።

ቤጂንግ በሁለቱ ተቋማት የቻይናን መቀመጫ የተረከበችው በ1980 ሲሆን፣ በ2001 ደግሞ የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ሆናለች። በ2010 የጸደቀው የገንዘብ ድርጅቱ የኮታ ማሻሻያ በ2016 ሥራ ላይ ሲውል፣ ከአሜሪካና ከጃፓን ቀጥላ ሦስተኛዋ ባለድርሻ ለመሆን በቅታለች። ያም ሆኖ የድምፅ ድርሻዋ 6 በመቶ ገደማ ነው። የድርጅቱ ዐበይት ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ስለሚጠይቁ፣ ከ16 በመቶ በላይ የያዘችው አሜሪካ ብቻዋን ልታግዳቸው ትችላለች።

ድርሻዋ ከኢኮኖሚዋ ስፋት ጋር አይመጣጠንም የሚለው ቅሬታ ቻይና አማራጭ ተቋማት እንዲመሠረቱ ከተጋችባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። በ2016 ሥራ የጀመረው የእስያ መሠረተ ልማት ኢንቨስትመንት ባንክ ከእነዚህ የሚጠቀስ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም አባል ሆናለች። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ብሪክስን ተቀላቅላለች። ይሁንና የብሪክስ አባልነት ብቻውን በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲሱ ልማት ባንክ አባል አያደርግም።

የቻይና ሚና በኢትዮጵያ ላይ ጎልቶ የታየው በዕዳ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በ2021 በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ መሠረት የዕዳ ማሻሻያ ስትጠይቅ፣ የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ መርተውታል። ኮሚቴው ዕዳውን ለማሻሻል ዋስትና ሳይሰጥ የገንዘብ ድርጅቱ አዲስ ፕሮግራም ሊያጸድቅ ስለማይችል፣ ድርድሩ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ዋስትናው ከተገኘ በኋላ ድርጅቱ በጁላይ 2024 የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ያጸደቀ ሲሆን፣ ከኮሚቴው ጋርም በ2025 የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሟል። በማዕቀፉ አሠራር መሠረት ሰነዱ ተፈጻሚ የሚሆነው ከእያንዳንዱ አበዳሪ አገር ጋር በሚደረስ የሁለትዮሽ ስምምነት ነው።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው፣ ቻይና በአንድ በኩል የኢትዮጵያ አበዳሪ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ኢትዮጵያ ድጋፍ በምትጠይቅባቸው ተቋማት ባለድርሻ ናት። በመሆኑም ለአንድ ፕሮጀክት የሚፈረም የብድር ውል ከፕሮጀክቱ አልፎ፣ አገሪቱ ከሌሎች አበዳሪዎች በምታገኘው ድጋፍ ላይም ውጤት እንደሚኖረው ታሳቢ ማድረግ ያስፈልጋል።