ነጋሽ፦ ትንሿ መንደርና ትልቁ አማና

 

እዚህ ኮልፌ ለልጆች ሲራ ስናስቀራ፣ የሐበሻው ሂጅራ ላይ ስንደርስ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ኡስታዝ፣ ነጃሺ የት ነው ያለው?» «ትግራይ፣ ነጋሽ» ብለን እናልፋለን። ልጁ «እዚያ ምን አለ?» ብሎ ከጨመረ ግን ብዙዎቻችን መልስ ያጥረናል። ስሙን በመስጂዶቻችንና በልጆቻችን ላይ እናወጣለን፤ ቦታውን ግን አናውቀውም። ዛሬ ስለዚህች መንደር ትንሽ እንበል።

ነጋሽ ከመቀሌ በስተሰሜን ወደ ዓዲግራት በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከውቅሮ ከተማ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከፍታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የገጠር መንደር ናት። እዚያ የነጃሺ መስጂድ አለ፤ በግቢው ውስጥ የንጉሥ አስሐማ ነጃሺ መቃብር መሆኑ የሚነገርለት ሥፍራና ሐበሻ ላይ ያረፉ የ15 ሶሓባዎች መቃብር ነው የሚባል ሌላ ሥፍራ ይገኛሉ። በየዓመቱ ዐሹራ ሲደርስ ከየአቅጣጫው ሰው ለዚያራ ይተማል።

ስለዚህ ቦታ ስናወራ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል፤ በሰነድ የደረሰንን እና የአገሬው ሰው በትውስታ ያቆየውን።

በሰነድ የደረሰን ይህ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ615፣ የመካ ስቃይ ሲበረታ ሶሓባዎችን ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ መከሯቸው፤ በዚያ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ነገሯቸው። በታሪክ ጸሐፍት ዘገባ የመጀመሪያዎቹ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ነበሩ፤ ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ከነሱ መካከል ናቸው። ግማሽ ዲናር ከፍለው በሁለት የነጋዴ መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። በሁለተኛው ጉዞ ከ80 በላይ ወንዶች፣ ከነሴቶቻቸው፣ ተከተሉ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ጓደኛውን ስጦታ አስይዘው «ስደተኞቹን መልሱልን» ሲሉ ላኩ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በንጉሡ ፊት ቆመው ከሱረቱ መርየም ቀሩ፤ ንጉሡ አለቀሰ፤ ስጦታውን መልሶ እንግዶቹን አስቀረ። ጃዕፈር ወደ መዲና የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተ ጊዜ ነው። ነጃሺ ሲሞቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓባዎችን አሰልፈው በ4 ተክቢራ ሰላተል ጋኢብ እንደሰገዱባቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ቡኻሪ ውስጥ አንድ ሌላ ዘገባም አለ። ሐበሻ ላይ የተወለደችው የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ ገና ትንሽ ሳለች፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዲስ ልብስ አልብሰዋት በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ያምራል ማለት ነው። የግዕዙን «ሠናይ» ያስታውሰናል። ከዚህች አገር አንድ ቃል እስከ መዲና ደርሶ፣ አንዲትን ልጅ በአደገችበት ቋንቋ አስደሰታት።

አሁን ወደ ትውስታው እንምጣ። የሲራ መጻሕፍት ንጉሡን እንጂ የነጋሽን መንደር በስም አይጠሩም፤ የንጉሡ መናገሻም አክሱም ነበረች። ሶሓባዎቹ ነጋሽ ሰፈሩ፣ ነጃሺም እዚያ ተቀበሩ የሚለውን ያቆየልን የአገሬው ሰው ነው። ይህ ትውስታ የትናንት አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድን ዘመቻ የመዘገበው ፉቱሕ አል ሐበሻ የሠራዊቱ ሰዎች መቃብሩን እንደዘየሩ ይናገራል። ዛሬ የምናየው ሕንፃ ግን በሶሓባዎች እጅ የተሠራ አይደለም። ይህን መናገር ቦታውን አያሳንሰውም። ሶሒሑን ከሶሒሕ ቦታ፣ ትውስታውን ከትውስታ ቦታ ማስቀመጥ የዒልም አደብ ነው።

ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቲካ የተባለው የቱርክ መንግሥት ድርጅት ግቢውን አድሶት ነበር። ከዚያ በ2013 ዓ.ም. በትግራዩ ጦርነት መስጂዱ ተመታ፤ ሚናራው ተሰበረ፣ ጉልላት ፈረሰ፣ ንብረት ተዘረፈ። ፎቶዎቹን ስናይ ሁላችንም አዘንን። ነገር ግን ወንድሞቼ፣ ምን እንደጎደለ በትክክል መናገር የምንችለው ስንቶቻችን ነበርን? የማያውቁትን ነገር መጠበቅ አይቻልም።

ፍርስራሽ በገንዘብ ይጠገናል። በሽማግሌዎች ልብ ያለው ወሬ ግን ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ከ2013 በፊት ነጋሽን የዘየራችሁ ፎቶዎቻችሁን ከነቀኑ አስቀምጡ። ከዚያ አካባቢ የመጣ አዛውንት ጎረቤት ያላችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቅዱ፣ ጻፉ። የአላህ ፈቃድ ሆኖ መንገዱ ሲገራልን ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ።

ነጃሺ በራቸውን ያንኳኳውን እንግዳ ለስጦታ ብለው አሳልፈው አልሰጡም። የነጋሽ ትልቁ ቅርስ ይህ አማና ነው። ዛሬም በየሰፈራችን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች አሉ፤ ነጃሺን እንወዳለን የምንል ሰዎች በራችንን እንዴት እንደምንከፍትላቸው ራሳችንን እንጠይቅ።

አላህ ለነጃሺና ለሶሓባዎቹ ይዘንላቸው፤ ለአገራችንም ሰላም ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።