የግእዝ ግስ አደራ

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ እግር ሥር ተቀምጠው የግእዝን ሰዋስውና ግስ ያጠኑ ሊቅ ናቸው። መምህሩ የጀመሩትን መዝገበ ቃላት ሳይፈጽሙ ቢያርፉ፥ አደራው በደቀ መዝሙሩ ላይ ወደቀ። እርሳቸውም ዕብራይስጡንና ዐረብኛውን እያስተያዩ ቃሉን ከሥሩ መረመሩ፤ ፊደሉንም ከሀለሐመ ይልቅ በአበገደ ተራ አሰለፉት። ሀለሐመን ለለመደ አንባቢ ፍለጋው በመጀመሪያ ያደክማል፤ እርሳቸው ግን ጥንታዊው ተራ ይህ ነው ብለው ጸኑ።

በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው ገና አልታተመም ነበር። አደራውን የተቀበሉት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ከ12 ዓመት በኋላ፥ በ1948 ዓ.ም.፥ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተብሎ በአዲስ አበባ እንዲታተም አደረጉ። መጽሐፉ የሚጠራው ግን በመምህራቸው በኪዳነ ወልድ ስም ነው።