ከሞለኪውል እስከ አእምሮ፦ ብሪታኒያዊው የንድፈ ሐሳብ ኬሚስት ክሪስቶፈር ሎንጌ-ሂጊንስ

በ2024 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሁለት ሳይንቲስቶች አንዱ ጄፍሪ ሂንተን ናቸው፤ ዛሬ ዓለምን ለሚያነጋግረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረት የሆነውን የነርቭ መረብ ጥናት ለአሥርተ ዓመታት የገፉ ሰው። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ይኸው ሽልማት ለፒተር ሂግስ እና ለሥራ አቻቸው ፍራንስዋ አንግሌር ተሰጥቶ ነበር። ሂግስ በስማቸው የሚጠራው ቅንጣት በቤተ ሙከራ ከመታየቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አስቀድመው መኖሩን በስሌት የተነበዩ ናቸው።

የሂንተን እና የሂግስ ሙያ የሚገናኝበት ነጥብ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ሁለቱም ለዶክትሬት ሲሠሩ ካማከሯቸው ምሁራን መካከል አንድ የጋራ ስም እናገኛለን፦ ክሪስቶፈር ሎንጌ-ሂጊንስ። እኚህ ሰው በትምህርታቸው ኬሚስት ነበሩ። በሙያቸው የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሳሉ፣ በ44 ዓመታቸው፣ ኬሚስትሪን ትተው የሰው አእምሮ እንዴት እንደሚያስብ ወደ መመርመር ተሻገሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአራቱ ልጆች ትምህርት ቤት

ሂዩ ክሪስቶፈር ሎንጌ-ሂጊንስ ኤፕሪል 11 ቀን 1923 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት አውራጃ ሌነም በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ ዊንቸስተር ተልከው የተማሩ ሲሆን፣ በዊንቸስተር ኮሌጅ የነበሩበት ዘመን እስከ ዛሬ ይወሳል። በዕድሜ ተቀራራቢ የሆኑ አራት ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ተገናኝተው ነበርና ነው። ክሪስቶፈር አንዱ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ማይክል የባሕር ሞገድን በሒሳብ በመመርመር ስማቸው የገነነ ሊቅ ሆኑ። ፍሪማን ዳይሰን በኳንተም ፊዚክስ፣ ጄምስ ላይትሂል ደግሞ በፈሳሽ እና በአየር ፍሰት ሒሳብ ከዘመናቸው ቁንጮዎች ተቆጠሩ። የላይትሂል ስም ወደ ኋላ ላይ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፤ አመጣጡ ግን በትምህርት ቤት ወዳጅነት አይደለም።

በ1941 ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት ክሪስቶፈር በኦክስፎርድ የባሊዮል ኮሌጅ የነጻ ትምህርት ዕድል አገኙ። ዋና ትምህርታቸው ኬሚስትሪ ነበር፤ በጎን ግን ሙዚቃ ያጠኑ፣ ኦርጋንም ይጫወቱ ነበር። ሙዚቃው እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሊታይ ይችላል። እርሳቸው ግን በዕድሜያቸው ማምሻ እንደ ኬሚስትሪው ሁሉ በስሌት መረመሩት።

ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው ሞለኪውል

በዚያ ዘመን ኬሚስቶችን ግራ ያጋባ አንድ ጋዝ ነበር። ዳይቦሬን ይባላል፤ በሁለት የቦሮን እና በስድስት የሃይድሮጅን አቶሞች የተሠራ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የሰፈረው ሕግ ሁለት አቶሞች የሚተሳሰሩት አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን በመጋራት ነው ይላል። ኤቴን የተባለው ጋዝ ሕጉን ያከብራል፦ ሁለት ካርቦኖች እርስ በርሳቸው፣ ስድስት ሃይድሮጅኖች ደግሞ ከካርቦኖቹ ጋር ሲተሳሰሩ ሰባት ትስስሮች ይሆናሉ። ለዚህ 14 ኤሌክትሮኖች ያስፈልጋሉ፤ ኤቴንም 14 አለው። ዳይቦሬን ግን ያለው 12 ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቦሮን ሦስት፣ እያንዳንዱ ሃይድሮጅን አንድ ያዋጣሉ፤ ከዚያ በላይ የሚገኝበት መንገድ የለም። ሆኖም ጋዙ አለ፤ በጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ይመዘናል።

ወጣቱ ተማሪ በመምህራቸው በሮናልድ ቤል አመራር ጉዳዩን ሲመረምሩ ኤቴንን መምሰል አለበት የሚለውን ግምት ራሱን ጣሉት። በእርሳቸው አመለካከት ሁለቱ ቦሮኖች በቀጥታ የተያያዙ አይደሉም። ከስድስቱ ሃይድሮጅኖች አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው በዳርና በዳር ይቀመጣሉ፤ እነዚህ አራት ተራ ትስስሮች ስምንት ኤሌክትሮኖችን ይወስዳሉ። የቀሩት ሁለት ሃይድሮጅኖች በቦሮኖቹ መካከል እንደ ድልድይ ይዘረጋሉ። ለሁለቱ ድልድዮች አራት ኤሌክትሮኖች ይተርፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ድልድይ አንድ ጥንድ ማለት ነው። አንዱ ጥንድ ሦስት አቶሞችን፣ ሁለቱን ቦሮኖች እና በመካከላቸው ያለውን ሃይድሮጅን፣ በአንድነት ይይዛል። አንድ ጋቢ ለሁለት ሰው ነው ሲባል የኖረውን ሦስት ሰዎች ተጠጋግተው እንደሚለብሱት ነው። ብርዱ በእርግጥ ይሰማቸዋል፤ ዳይቦሬን አየር ሲነካው በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

የድልድዩ ሐሳብ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1921 አንድ ጀርመናዊ ኬሚስት ተመሳሳይ ቅርጽ ጠቁመው የነበረ ቢሆንም የሚሰማቸው አላገኙም። መምህሩ እና ተማሪው በ1943 በጋራ ያሳተሙት ጽሑፍ ግን ምክንያቱን በጥንቃቄ ደርድሮ አቀረበ። በ1947 የብርሃን ምርመራ፣ በ1951 ደግሞ የኤሌክትሮን ጨረር ምርመራ ቅርጹ ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ሦስት አቶሞችን ሊያስር ይችላል የሚለው ሐሳብም ለቦሮን ኬሚስትሪ በሩን ከፈተ፤ በዚህ ዘርፍ አሜሪካዊው ዊልያም ሊፕስኮምብ በ1976 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ጽሑፉ ሲወጣ ሎንጌ-ሂጊንስ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበሩ።

ከወረቀት ወደ ቤተ ሙከራ

የዶክትሬት ጥናታቸውን በቻርልስ ኩልሰን አመራር በ1947 አጠናቀቁ። ኩልሰን የኳንተምን ሕግ ለኬሚስትሪ በማስተማር በብሪታኒያ አንድ ትውልድ ያፈሩ ምሁር ናቸው። ከዚያ ቺካጎ እና ማንቸስተር ቆይተው በ1952 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ ሂግስን ያገኟቸው እዚያ ነው። የሂግስ የ1954 የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ ቅንጣቶች አልነበረም፤ ስለ ሞለኪውሎች መርገብገብ ነበር።

በዚያው በ1954 ካምብሪጅ ጠራቸው። የተሰጣቸው ወንበር የብሪታኒያ የንድፈ ሐሳብ ኬሚስትሪ ወንበር በኩር ሲሆን፣ ቀድሞ የያዙት ጆን ሌናርድ-ጆንስ ነበሩ። ሎንጌ-ሂጊንስ ሲሾሙ ገና 31 ዓመታቸው ነበር። በ1958 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነው ተመረጡ።

የካምብሪጅ ዓመታታቸውን ልዩ የሚያደርገው የተናገሩት ነገር ከጊዜ በኋላ በሌሎች እጅ መፈጸሙ ነው። በ1955 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ኻያ ፊት ባለው ውብ ቅርጽ የተደረደሩ 12 ቦሮኖች ሁለት ኤሌክትሮኖች ቢጨመሩላቸው ጽኑ ሞለኪውል እንደሚሆኑ አሰሉ። በ1960 አሜሪካውያን ኬሚስቶች ሠሩት። በ1956 ደግሞ ከሌስሊ ኦርግል ጋር፣ ለብቻው መቆም የማይችለው ሳይክሎቡታዳይን የተባለ ባለ አራት ማዕዘን ሞለኪውል ከብረት አቶም ጋር ቢጣመር እንደሚጸና ተነበዩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ይኸውም ተሠራ። አንድም ጠርሙስ ሳያነሱ ሌላው በቤተ ሙከራ የሚያገኘውን መናገር መቻል፣ ያኔ ገና ጥርጣሬ ያልተለየው የንድፈ ሐሳብ ኬሚስትሪ ለመኖሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር።

ሌላው ሥራቸው ስለ ሲሜትሪ ነው። ኬሚስቶች ሞለኪውልን እንደ ደረቅ ሐውልት ቆጥረው ሲሜትሪውን ይለኩ ነበር። ነገር ግን አሞኒያ በነፋስ እንደሚገለበጥ ጃንጥላ ራሱን ያለማቋረጥ ይገለብጣል፤ ሌሎች ሞለኪውሎች ደግሞ አንዱ ጫፋቸው እንደ ውልብልቢት ይሽከረከራል። እንዲህ ያለ ዕረፍት የሌለው ነገር ምን ሲሜትሪ አለው? ሎንጌ-ሂጊንስ በ1963 የሰጡት መልስ ዛሬም የሞለኪውሎችን የብርሃን ህብር የሚያነቡ ሁሉ የሚሠሩበት ነው፦ የሚቆጠረው የቅርጹ ውበት ሳይሆን፣ ሞለኪውሉ ሳይፈርስ አንዱ አቶም የሌላውን ተመሳሳይ አቶም ቦታ ሊይዝ የሚችልባቸው መንገዶች ናቸው። ከዚህ አምስት ዓመት አስቀድሞ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ያገኙት ደግሞ ይበልጥ እንግዳ ነው። አቶሞቹ በአንድ የተለየ ነጥብ ዙሪያ አንድ ዙር ዞረው ወደ ነበሩበት ሲመለሱ፣ ኤሌክትሮኖቹን የሚገልጸው ቀመር ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል፤ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው ሁለት ዙር ሲሞላ ነው። ፊዚሲስቶች ይህን ጉዳይ በስፋት ያነሡት በ1984፣ የማይክል ቤሪ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ነው።

ወንበሩን ትተው ኤደንብራ

በ1967 ሎንጌ-ሂጊንስ የካምብሪጅን ወንበር ለቀቁ። ከሥነ ልቦናው ተመራማሪ ከሪቻርድ ግሪጎሪ እና በጦርነቱ ዘመን የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ከሚፈቱት አንዱ ከነበሩት ዶናልድ ሚቺ ጋር ሆነው በኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ የማሽን አስተውሎት እና የስሜት ሕዋሳት ግንዛቤ ጥናት ክፍል አቋቋሙ። ዓለም ሊሰማው እንኳ ያልተዘጋጀ የትምህርት ዘርፍ ነበር።

መጀመሪያ የያዙት ጥያቄ ትዝታ ነው፦ አንጎል የሰማውን ዜማ በየት አስቀምጦ እንዴት መልሶ ያገኘዋል? በ1969 ከዴቪድ ዊልሾ እና ከፒተር ቡነማን ጋር ያቀረቡት የትዝታ መረብ ቀላል በሆኑ ማብሪያ ማጥፊያዎች ብዙ ነገር በአንድ ላይ ደራርቦ መያዝ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ የነርቭ መረብ ከምንለው ጥናት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው።

ወጣቱ ሂንተን ወደ ኤደንብራ የመጡት ይህን ተስፋ አድርገው ነበር። ሲደርሱ ግን አማካሪያቸው ሐሳባቸውን ለውጠዋል። አሜሪካዊው ቴሪ ዊኖግራድ የሠሩት፣ በሕግ እና በምልክት እየተመራ የሰውን ዓረፍተ ነገር የሚረዳ ፕሮግራም ማርኳቸዋል። ሂንተን ከጊዜ በኋላ እንደተናገሩት፣ መምህራቸው መረቡን ትተው ወደ ምልክቶች እንዲዞሩ ደጋግመው መክረዋቸዋል፤ ውይይታቸውም ሁልጊዜ ለስላሳ አልነበረም። ተማሪው እምቢ አሉ፤ መምህሩም አላባረሯቸውም። የዶክትሬት ዲግሪው በ1978 ተሰጠ። ቀጥሎ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ተሳስተው የነበሩት ሎንጌ-ሂጊንስ ናቸው። ነገር ግን በስሕተታቸው ውስጥ ሆነው እንኳ የማይስማሙበትን ጥናት እስከ ፍጻሜው ማማከራቸው እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

የትምህርት ቤት ጓደኛ የጻፈው ሪፖርት

በዚህ መካከል የብሪታኒያ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ገንዘብ ማውጣቱን መቀጠል ይገባው እንደሆነ ገለልተኛ ምሁር እንዲመረምሩለት ጠየቀ። የተመረጡት የዊንቸስተሩ ጄምስ ላይትሂል ነበሩ። በ1973 የታተመው ሪፖርታቸው መራራ ነበር፤ ዘርፉ የገባውን ቃል አልፈጸመም የሚል ነው። በውጤቱም በብሪታኒያ የምርምሩ ገንዘብ ለዓመታት ደረቀ።

ከሪፖርቱ ጋር አብረው ከታተሙት አስተያየቶች አንዱን የጻፉት ሎንጌ-ሂጊንስ ናቸው። ቁጣም ልመናም የለበትም። የዘርፉ ዋጋ መለካት ያለበት በሚሠራቸው ማሽኖች ሳይሆን ስለ ሰው አእምሮ በሚያስተምረን ነገር ነው ሲሉ ተከራከሩ። ለዚህ ጥናት ያወጡለት ስም “ኮግኒቲቭ ሳይንስ”፣ የዕውቀትና የማሰብ ሳይንስ እንደማለት ነው፤ በውስጡም ሒሳብን፣ የቋንቋ ጥናትን፣ ሥነ ልቦናን እና የአካል ጥናትን አሰባሰቡ። ገንዘቡን አላስመለሰም። ስሙ ግን ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደጃፍ ላይ ተጽፎ ይታያል።

ሙዚቃ፣ ሁለት ፎቶግራፎች እና ስምንት ነጥቦች

በ1974 ወደ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፤ እስከ ጡረታቸውም እዚያ ቆዩ። የኦክስፎርዱ ኦርጋን ተጫዋች እዚህ ተመለሱ። ቀደም ሲል በ1971 ከማርክ ስቲድማን ጋር የባክን ዜማዎች ይዘው፣ አድማጭ ከጥቂት ድምፆች ብቻ ቅኝቱን እና ምቱን እንዴት እንደሚለይ የሚያሰላ ዘዴ አውጥተው ነበር። በ1976 ደግሞ በመሣሪያ የተመታን ዜማ ሰምቶ በሙዚቃ ኖታ የሚጽፍ ፕሮግራም አቀረቡ። ሥራው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ሰው ሲጫወት ምቱን እንደ ሰዓት አይጠብቅም፤ ያፈጥናል፣ ያዘገያል፣ ጆሯችን ግን አይሳሳትም።

በ1981 በኔቸር መጽሔት ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ ከሁሉ ይበልጥ ሩቅ ተጉዟል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንድን ነገር ከሁለት ቦታ ያነሣናቸው ሁለት ፎቶግራፎች አሉን፤ ካሜራው የት እንደነበረ ግን አናውቅም። በሁለቱም ፎቶዎች ላይ የሚታዩ ስምንት ተመሳሳይ ነጥቦችን መለየት ከቻልን፣ የካሜራውን ሁለት አቋቋም እና የነጥቦቹን ርቀት፣ ከአጠቃላይ ስፋቱ በቀር፣ በቀላል ስሌት መልሰን እናገኛለን። ለዓመታት ብዙዎች ዘዴው ለጥቃቅን የልኬት ስሕተት ይረበሻል ብለው አጣጣሉት። በ1997 ሪቻርድ ሃርትሊ፣ ቁጥሮቹ አስቀድመው በአግባቡ ከተመጣጠኑ ዘዴው ከተወሳሰቡት ጋር እኩል እንደሚሠራ አሳዩ። ዛሬ ከፎቶግራፎች የሕንፃን ቅርጽ የሚያወጡ ፕሮግራሞች እና በካሜራ አካባቢያቸውን የሚያውቁ ሮቦቶች የዚህ ስሌት ወራሾች ናቸው።

ክሪስቶፈር ሎንጌ-ሂጊንስ ማርች 27 ቀን 2004 በ80 ዓመታቸው አረፉ። ኬሚስቶች በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸውን ሐሳቦች ትተው ቢያልፉም የኖቤል ሽልማት አልደረሳቸውም። ከ2005 ጀምሮ ግን በኮምፒውተር እይታ ዘርፍ ዋና በሆነው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ በስማቸው የተሰየመ ሽልማት ይሰጣል። ሽልማቱ የሚሰጠው በዓመቱ ለቀረበ አዲስ ጥናት አይደለም፤ አሥር ዓመት አስቀድሞ በዚያው ጉባኤ ቀርቦ፣ ዘመን ፈትኖት ለጸና ሥራ ነው።